የእምዬ ቅምሻ

አንድ ወዳጄ ግሪክ አገር የወይን ጠጅ መጥመቂያዎችን ሲዞር ውሎ መጣና፣ ቀማሾቹ ወይኑን ባፋቸው አንከባለው እንደሚተፉት አጫወተኝ። እኔ ግን ልቤ ደብረ ታቦር ሄዶ ነበር፤ የወይራ ጭስ ሸተተኝ።

የጠላ ጋን በግራዋ ተፈትጎ ይታጠብና ወይራ ጭስ ላይ ይደፋል፤ ሸክላው ጭሱን እስኪጠግብ ድረስ። ጌሾውና ብቅሉ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ በአንድ ጉንጭ የጋኑን መታጠን፣ የእንኩሮውን ማረር፣ የጌሾውን መብዛት ትለይ ነበር። ሰርግ ወይም ተዝካር የደገሰ ሁሉ «እስቲ እርስዎ ይቅመሱልን» እያለ ይጠራታል። የሰው ቤት መጠጥ ግን ተፍታ አታውቅም።

ነሐሴ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዕለቱ ቡሄ ነው፤ የከተማችን ስም የሚነሳበት የደብረ ታቦር በዓል። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጉና በደመና ተሸፍኗል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የጅራፍ ጩኸት ከየሜዳው ይሰማል። እኔ ሙልሙሌን በብብቴ ይዤ የእምዬን ነጠላ ጫፍ ጨብጫለሁ። ጾሙ ፍልሰታ ቢሆንም ጠላ የጾም ነውና ያልጠመቀ ቤት አልነበረም።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት የምትቀዳው ልጅ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለእምዬ ሰጠቻት። ቀድቶ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ እንግዳው ልቡ እንዲያርፍ። እምዬ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። «እጅሽ ይባረክ! ወይራውን አልሰሰትሽም» አለቻት፤ ልጅቷ ፊቷ በራ።

ቀጥሎ ጠጅ ያለበት ቤት ገባን። ለእኔ ብርዝ ተሰጠኝ። የቤቱ ጌታ፣ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ፣ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ፣ ጥንት ካሮዳ በሚባል ቦታ ወይን ይለማ እንደነበር ነገሩን። ካደግሁ በኋላ ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስም የካሮዳን ወይን ማንሳቱን አየሁ። ያን ቀን ግን ለእኔ ወይን ማለት ለቁርባን የሚዘፈዘፈው ዘቢብ ብቻ ነበር። «ጣዕሙን የሚያስታውስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው እምዬ። መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። እምዬ ከልቧ አዘነች።

ወደ ሦስተኛው ቤት የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ለእኔም በትንሽ ጣሳ ቀዳችልኝ። ቀመስሁና፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ «ይኮመጥጣል!» አልሁ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ከአፉ ጠብ ጠብ ያለው ጠላ መሬቱን ሲያርሰው ዛሬም ይታየኛል። «በሰኔ ፈቃድ ይሰጠኛል ብሎ ልኮብኝ ነበር፤ እሱ ይክፈተው ብዬ…» አለችና ተወችው።

እምዬ ዋንጫዋን አንስታ እስከ አተላው ጨለጠች። «ድገሚኝ ልጄ፤ የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል» አለቻት። ሁለተኛውንም ጠጣች። እምዬ ሁለት የምትደግም ሴት አልነበረችም።

ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ ቆይታ፣ «ጠላው ሰው ሲጠብቅ ነው የሆመጠጠው» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ ቁና ብቅልና አንድ እስር ጌሾ አሸከመችኝ። «ሲመጣ አዲስ ትጥመቅለት» በል አለችኝ። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀብላኝ ግንባሬን ሳመችኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየኋትም።

በ1982 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጉና ድረስ መጣ። በ1983 ግንቦት ደርግ ወደቀ፤ የተበተነው ወታደር በእግሩ ወደየአገሩ ይተም ጀመር። በዚያ ሰሞን በደጇ ሳልፍ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጋኗን በግራዋ ስትፈትግ አየኋት፤ ከጓሮዋ የወይራ ጭስ ይወጣል። ልጇ ግን አልመጣም።