በሰው ማዕድ

ወጣቶች ሆይ፤ ራስን መካድ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በትንሽ ነገር፣ በአንድ ጉርሻ ላይ ነው። ጌታችን ሰባውን ሲልካቸው የቀረበላቸውን እንዲበሉ ማዘዙ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተጽፏል። የትእዛዙ ምክንያት የገባኝ በ2000 ዓ.ም. ከኡራኤል ሰፈር ተነሥቼ በጁባ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳስተምር ነው። የአገሩ ሰው አሲዳ ይበላል፤ እንደ እኛ ገንፎ ከማሽላ ዱቄት ይገነፋል፤ ማባያው የሚዝለገለግ የባሚያ ወጥ ነው። እኔ ደግሞ ባሚያ ከልጅነቴ አልወድም። ነገር ግን ሳህኑን ያቀረቡልኝ እናት ከጦርነት ስደት የተመለሱ መበለት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ከእኔ የሚተርፈውን ቆመው ይጠብቃሉ። ጥቂት በምስጋና በልቼ ብዙውን አስተረፍሁ። በዚያ ገበታ መሥዋዕት ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ልጆቼ፣ የማትወዱት ምግብ ሲቀርብላችሁ፣ ከጣዕሙ አስቀድማችሁ ማን ጦሙን ሊያድር እንዳቀረበው አስቡ፤ ያን ጊዜ ጉርሻው አይከብዳችሁም።