ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ልጃችን



ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፈረንጆቹ 2 ሰዓት በሚሉት ጊዜ፣ እኛ ባልና ሚስቱ ሜሪላንድ ባለው ቤታችን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወልውለን ላፕቶፑን እንከፍታለን። በዚያው ደቂቃ አዲስ አበባም ሪያድም ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት የእኛ ሰዓት ሲቀየር 4 ሰዓት ይሆንባቸዋል። ወላጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ካሜራ የሚከፍተው ጥቂቱ ነው። በስሙ ፈንታ «እናት» ብሎ የሚገባም አለ። በአጭሩ ጸልየን እንጀምራለን፤ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ አባት ጉሮሮውን ይጠራርግና «ልጄ ጠፋብኝ» ይላል። የት እንዳለ ስንጠይቀው «ክፍሉ ውስጥ» ይለናል።

ለዚህ ነው ከአዲስ ወላጆች ጋር መጀመሪያ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን የምናነበው። ማርያምና ዮሴፍ የ12 ዓመቱ ልጅ ከመንገደኞቹ ጋር አለ ብለው አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ። ቸልተኞች አልነበሩም፤ በዓል አክብረው ከዘመድ ጋር እየተመለሱ ነበር። ስሕተታቸው «አለ» ብለው ማሰባቸው ብቻ ነው። ካገኙት በኋላም የነገራቸው አልገባቸውም። ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ለእኛም ተስፋ አለን» ብሎ የሚተነፍስ ወላጅ ብዙ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ የጉባኤውን በር ሲዘጋ ነው። ወላጅና ልጅ ቀኑን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ ስልካችን መጮህ ጀመረ፤ ቀድሞ ወጣቶችን እናገለግል ስለነበር ይመስለናል። ቆየት ብለን ኮርስ ወሰድን፤ ሥራውን በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታልንም። «አሰልጣኝ» ስንል ሰው ኳስ ይመስለዋል። አንዲት እናት «ልጄ እኮ ስፖርት አይወድም» ብለውናል። «አማካሪ» ደግሞ የሌለንን ሙያ ያለብሰናል። ስለዚህ «ኮች» ብለን ተውነው።

ወላጆች በራሳቸው ጉባኤ የማይናገሩትን ለእኛ የሚነግሩን ስለማያውቁን ነው። እሑድ እሑድ መድረክ ላይ የሚያገለግል አባት፣ ልጁ ማጨስ መጀመሩን ለማን ይናገር? አጠገቡ ለተቀመጠው ወንድም ቢነግረው ረቡዕ የጸሎት ርእስ ሆኖ ያገኘዋል። (በሌሎች ለመፍረድ አይደለም፤ እኛም የሰው ጓዳ «ለጸሎት ነው» ብለን ያወጣንበት ጊዜ አለ።)

ብዙ ካስተማሩን አንዱ ታክሲ የሚነዳ አባት ነው፤ እርሱን አስፈቅደን፣ ዝርዝሩንም ቀይረን ነው የምንጽፈው። የ15 ዓመት ልጁን በሳምንት ውስጥ ምን ምን እንዳለው እንዲጽፍ ጠየቅነው። ጽፎ መጣ፦ ተነሥ፣ ብላ፣ ስልኩን አስቀምጥ፣ መብራት አጥፋ፣ ለቸርች ልበስ። በሚቀጥለው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ትእዛዝም ጥያቄም ያልሆነ ነገር እንዲናገረው የቤት ሥራ ሰጠነው። ለእኛ ቀላል ነገር መስሎን ነበር። ረቡዕ ማታ ደወለልን። «ወንድሜ፣ ምን ልበለው? ትእዛዝ ካልሆነ የምናገረው የለኝም እኮ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ፍቅር አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው መነጋገሪያው ነው። የልጁ አማርኛ ከማዕድ አያልፍም፤ የአባትየው እንግሊዝኛ ከሥራ አያልፍም። ልጁ ገና በ8 ዓመቱ ሐኪም ቤት ቆሞ ለእናቱ ያስተረጎመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ሳይደባለቅበት አልቀረም። አባትየው አንድ ማታ መኪና ውስጥ፣ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጥሎት ላሞቹ የሰው ማሳ ገብተው የተገረፈውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረከለት። ልጁ ከጆሮው አንዱን ማዳመጫ አወጣ። «ከዚያስ?» አለው። አባትየው ይህን ሲነግረን «ሁለቱንም ግን አላወጣም» አለና ሳቀ።

መኪና ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ ዓይን ለዓይን አያፋጥጥም፣ ልጁም ተነሥቶ አይሄድም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር እንቅልፍ ነው። ወላጅ ስንፍና ይለዋል። በጉርምስና ዕድሜ ግን የሰውነት ሰዓት ይዘገያል፤ ልጁ እንደ ድሮው በጊዜ እንቅልፍ አይመጣለትም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ማለዳ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲቀሰቀስ ገና አልጠገበም። ይህን ስንናገር «እኔ የስንፍና መንፈስ መስሎኝ ስገሥጸው ነበር» ያለች እናት አለች። አልሳቅንባትም። ጸሎቷን እንድትቀጥል፣ ስልኮች ግን ማታ ማታ ሳሎን እንዲያድሩ ነገርናት፤ የእርሷም ጭምር። ያስቸገረው የእርሷ ነበር።

ከአቅማችን በላይ የሆነም ይመጣል። አንዲት እናት ልጇ ደብተር ላይ «መኖር አልፈልግም» ብላ የጻፈችውን ማግኘቷን በሹክሹክታ ነገረችን። ለዚህ ኮች አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ይቻላል፤ እስክትደውል ድረስ አብረናት በመስመር ቆየን። «ጸሎት አይበቃም ወይ?» የሚሉን ወገኖች አሉ። እግሩ ለተሰበረ ልጅ እየጸለይን ሐኪም ቤት እንወስደው የለም?

ስለ አንዲት እህት ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፍ። አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን የ5 ዓመት ልጅ ሳለ ለእናቷ ትታ ወጣች፤ አሁን 9ኛ ክፍል ነው። አያቱን «እማዬ» ይላል፤ እርሷን በስሟ ይጠራታል። የሚደውለው ገንዘብ ሲያልቅበት ነው። ወደ እኛ የመጣችው እንዴት እንዲታዘዛት እንደምታደርግ ፈልጋ ነበር። እኛም መጽሐፍ ላይ እንዳነበብነው «በየቀኑ ቋሚ የስልክ ሰዓት ያዢ» አልናት። ሁለት ሳምንት ጠፋች። ስትመለስ «እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሰዓቱ የእኔ መቼ ሆነና ነው?» አለችን። ቀጣሪዎቿ መቼ እንደሚተኙ፣ ስልኳን መቼ እንድትይዝ እንደሚፈቅዱላት ሳንጠይቅ ነበር የመከርናት። አፈርን። ኮች መጀመሪያ ይጠይቃል ብለን ለሌሎች የምናስተምር እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። ልብስ እየተኮሰች በኢሞ ድምፅ ትቀዳለታለች፤ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ምክር የለበትም፣ «ተማር» የለበትም። ዛሬ ምን እንዳበሰለች፣ የቀጣሪዎቿ ትንሽ ልጅ ምን ብሎ እንዳሳቃት፣ እርሱ በሕፃንነቱ ሻይ ውስጥ ዳቦ ሲነክር ምን ይመስል እንደነበር። ለሳምንታት አልመለሰላትም። መስማቱ ግን ይታያት ነበር። አንድ ቀን ድምፅ ላከ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ መጨረሻ ላይ «መቼ ነው የምትመጪው?» አለ። ቀድታ አሰማችን። ምን ብላ እንደምትመልስለት ጠየቀችን፤ እኛም አላወቅንም። አብረናት አለቀስን።

አሁን ወደማንወደው ክፍል እንምጣ።

አንድ ቅዳሜ ስብሰባው አልቆ ላፕቶፑን ዘጋን። ያን ጊዜ 16 ዓመቷ የነበረችው ልጃችን ውኃ ልትቀዳ ከክፍሏ ወጣች። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ የምንለውን ሁሉ ትሰማለች። ሳህኗ ከትናንት ጀምሮ ሳይታጠብ ተቀምጧል። ከሁለታችን አንዳችን፣ የትኛችን እንደሆንን ይቅር፣ «ይህን ሳህን እስከ መቼ ነው የምናየው?» አልናት። ብርጭቆውን አስቀመጠች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦ «ለእነዚያ ሰዎች በምታወሩበት ድምፅ ለእኔ አንድ ቀን አውርታችሁልኝ አታውቁም።»

ወዲያው መከላከል ጀመርን። ደክሞን ነው፤ ለአንቺው ብለን ነው፤ እኛ በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ለወላጅ እንመልስ ነበር ወይ? ወላጆች እንዲህ ሲሉን «እስቲ ያንን ተዉትና ልጁ ያለውን ድገሙልን» እንላቸዋለን። ያን ቀን የሚለን አልነበረም። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ በኃይል እንኳ አልዘጋችውም።

ያን ሌሊት 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ከፈትን። ይህን ክፍል ለዓመታት በሳሙኤል በኩል ስናስተምረው ነበር። ዔሊ የሰውን ልጅ የእግዚአብሔርን ድምፅ እንዲለይ መራው፤ ምክሩም ትክክል ነበር። በዚያው ሌሊት የመጣው ቃል ግን ስለ ዔሊ ስለ ራሱ ቤት ነበር። መጽሐፉን ዘግተን ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልን።

ስብሰባውን ለሦስት ወር አቆምን። ለወላጆቹ «ቤታችንን ልናይ ነው» ብለን ነገርናቸው። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ አንድ አባት ደግሞ «አሁን ገና አመንኳችሁ» አሉን።

በእኛ ባህል ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ «ነይ ብዪ» ይላል። ይቅርታው እንጀራው ላይ ነው። እኛም በዚያ ነው ያደግነው፤ ወላጆቻችን ያጎረሱንን ጉርሻ አንንቀውም። ልጃችን ግን ያን ማንበብ አልተማረችም፤ ያላስተማርናት ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን በቃል ይቅርታ ጠየቅናት፤ ስለምን እንደሆነም አንድ በአንድ ተናገርን። «ኦኬ» አለች። ስልኳን ማየቷን ቀጠለች። እንባም መተቃቀፍም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከፋን፤ በምስክርነት ጊዜ የምንሰማው ዓይነት ነገር ጠብቀን ነበር።

ወደ ሥራው ከመመለሳችን በፊት አስፈቀድናት። ሁለት ነገር ጠየቀችን። ሳትፈቅድ ስለ እርሷ ለማንም እንዳናወራ፣ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ያለው አንድ ሰዓት ደግሞ የእርሷ እንዲሆን። ብዙውን ጊዜ መኪና ውስጥ እናሳልፈዋለን። የምትመርጠውን ሙዚቃ እንሰማለን፤ አንወደውም፣ ያንን ታውቃለች። አንዳንድ ቅዳሜ ስለ ጓደኞቿ ታወራለች፤ አንዳንድ ቅዳሜ ምንም አትልም። አንዳንድ ቅዳሜ እኛው ረስተን ስለ ፈተና እንጠይቃታለን፤ ያኔ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

ይህን ጽሑፍ ሳናወጣው በፊት አነበብንላት፤ ያልገባትን እየተረጎምን። አንድ አንቀጽ ይውጣ አለች፤ አወጣነው። የሳህኑ ነገር ግን ይቆይ አለች።