የጓዳ ሂሳብ በገነተ ማርያም

ከላሊበላ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ገነተ ማርያም ትገኛለች። ስሟን የወሰደችው በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት፣ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ እንደ ወጣ ከሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዳ ወደዚያ የሚመጣው ዓምዶቹን ለመቁጠርና የግድግዳ ሥዕሎቹን ለማየት ሲሆን፣ አይቶም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በዙሪያው ጢስ ከሚጤስባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የጓዳውን አያያዝ የሚመለከት እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሰው በጥቂት ነገር ብዙ ቀን እንዴት እንደሚያድር ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ጊዜውን በዓምዶቹ ሥር ብቻ ባያሳልፍ ይመረጣል።

የጓዳ ሂሳብ የሚጀምረው ከገበያ ነው። የላስታ ወይዘሮ ቅዳሜ ወደ ላሊበላ ገበያ ስትሄድ በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ወዲያው አትፈታም። በመጀመሪያ ገበያውን ዞራ ታያለች፤ ሁለተኛ ስትዞር ትጠይቃለች፤ የምትገዛው ግን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ አገሩ ሩቅ የሆነ ሻጭ ጭነቱን ይዞ ላለመመለስ ሲል ዋጋውን ዝቅ በሚያደርግበት ሰዓት ነው። ይህን ብልሃት ከእናቷ የተማረችው ነው። ከእናቷ ያልተማረችውና በቅርብ ዓመታት ራሷ የደረሰችበት ደግሞ የመስፈሪያ ነገር ነው። ድሃ በትንሽ መስፈሪያ ስለሚገዛ ከሀብታም ይልቅ አስወድዶ ይገዛል። ዘይት በስኒ የሚገዛ ሰው በጀሪካን ከሚገዛው ይልቅ ለእያንዳንዷ ጠብታ የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጀሪካን ይገዙና በአንድ ጠርሙስ እየለኩ ይካፈሉታል። ልኬታው በሚከናወንበት ጊዜ ሁሉም ተሰብስበው ዓይናቸውን ከጠርሙሱ አንገት ላይ አይነቅሉም፤ ፍቅር ቢኖርም ዘይት ዘይት ነውና።

በዋጋና በመንገድ ርዝመት መካከል ያለውን ዝምድና ላስታ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ በደጋው መንገድ ወደ መሀል አገር ሲጓዝ ሸቀጥም ገንዘብም ሆኖ ኖሯል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆፈረበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ጽፏል። ያን ጊዜ ጨውን የሚያስወድደው የበቅሎ ኮቴ ነበር። የዛሬው ዘይት ግን ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ ወደብ አልፎ፣ በከባድ መኪና ዳገቱን ወጥቶ ነው ላስታ የሚደርሰው። በመሆኑም በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሳምንታት ስታግድ፣ ቀጥሎም በሐምሌ ወር በአገር ውስጥ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ ይህ ሁሉ ስሙን ሰምታ የማታውቀው አገር ጉዳይ ከአንዲት የገነተ ማርያም እናት ድስት ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ቆየት ብሎም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ዘለቀ።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ከመጨረሻው እንጀራ በኋላ ምጣዱ ትኩስ እንደ ሆነ ገብስ ይቆላበታል። በፍሙ ላይ ሽሮ ይጣዳል፤ በረመጡ ውስጥ ድንች ይዳፈናል፤ አመዱም ነቀዝ እንዳያበላሸው ለዘር ከተቀመጠው እህል ጋር ይደባለቃል። አንድ እሳት አራት ጊዜ ሠርቶ ይጠፋል ማለት ነው። ምርጥ የተባለው ዝግ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተፈትኖ ታውቋል፤ ነገር ግን እርሱን ለማሠራት አስቀድሞ ገንዘብ ማውጣት ያስፈልጋል። ለመቆጠብ እንኳ መነሻ ይጠይቃል። መነሻ የሌላት ሴት ወደ ኩበት ትዞራለች። የኩበት ነገር ግን ከቁጠባ መቆጠር የለበትም፤ ዛሬ ምድጃ ውስጥ የገባው ኩበት ለከርሞ ከማሳው ላይ የጎደለ ፍግ ነው። ሴቶቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እያወቁ ነው የሚያነድዱት።

የምግቡ ነገር ከዚህ ይሰፋል። ጤፍ ብቻውን የሚጋገርበት ቀን እየራቀ ሄዶ ገብስ፣ ስንዴና ማሽላ እየተቀላቀሉበት ነው። በቅልቅሉ መጠን እያንዳንዷ ቤት የየራሷ ምሥጢር አላት፤ እንግዳ ሲመጣ የጤፉ ድርሻ ከፍ ይላል። የሰነበተ እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል እንጂ አይጣልም። ዘይት ሲጠፋ ደግሞ አሮጊቶቹ ከዘይት በፊት የነበረውን ጾም ያስታውሳሉ፤ ተልባ ተቆልቶና ተወቅጦ ይበጠበጣል፣ ሱፉ ተቀቅሎ ተወቅጦ ከተጠለለ በኋላ እንጀራ ይፈተፈትበታል፣ ባቄላው ከሰናፍጭ ጋር ስልጆ ይሆናል። የፋብሪካ ዘይት እንደ ልብ በነበረበት ዘመን እነዚህን መብላት የድህነት ምልክት መስሎ ለአንዳንዱ ያሳፍረው ነበር። ዋጋው መልሶ አስከበራቸው።

ቡናን በሚመለከት ግን ቁጠባው እንዲህ ቀላል አልሆነም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጣ። ቡናውን አብቅላ የምትልከው አገር ልጆችም የገዛ አገራቸውን ፍሬ በውጭው ዋጋ ለመግዛት ተገደዱ። ሥኳር መተው ይቻላል፤ በጨው ይጠጣል። ቡናውን ራሱን መተው ግን ጎረቤትን መተው ነው፤ የታመመው የሚታወቀው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ የብድር ጥያቄ በለሆሳስ የሚነገረው በአቦልና በበረካ መካከል ነውና። ስለዚህ ቡናው ተራ ገባ። ሦስት ቤት ይፈላ የነበረው በአንድ ቤት ይፈላል፤ ሌሎቹ ቆሎውን ይዘው ይመጣሉ። አልፎ አልፎ የተቆላ ገብስ ከቡናው ጋር አብሮ የምትወቅጥ አትጠፋም። ጠጪዎቹ ከመጀመሪያው ፉት ጀምሮ ያውቁባታል፤ አይናገሩም።

ገነተ ማርያም የቆመችበት አገር ይህን ሁሉ የተማረበት ትምህርት ቤት ክፉ ነበር። የወሎ ሰው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረሃብ የማያውቅ የለም። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መጀመሪያው ረሃብ አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ሕዝቡ በሚያልቅበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልጨመረም ነበር። እህሉ ያልተወደደው ስለተትረፈረፈ ሳይሆን፣ የባላገሩ ምርት ከነገቢው ስለጠፋና የሚገዛበት ስላጣ ነው። እንግዲህ ርካሽ ገበያም ሊገድል ይችላል። በላስታ ያሉ ሽማግሌዎች መጽሐፉን ባያነቡትም ነገሩን በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ በክፉ ቀን የሚሸጠው ነገር ተራ አለው። በመጀመሪያ ዶሮ፣ ከዚያ በግና ፍየል፣ ከዚያ ጌጥ ይሸጣል። በሬ መጨረሻ ነው፤ ዘር ከመጨረሻም በኋላ ነው። በሬውን የሸጠ ሰው ዝናቡ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት የለውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲዘረጋ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህን የመሸጥ ጉዞ በመንገድ ላይ መግታት ነበር።

ይህን ተራ ጠንቅቀው ከሚያውቁት መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ትገኛለች። የበኩር ልጇ ጎብኚዎችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም በማድረስ ይተዳደር ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚውን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ራሱ ከደጅ ደረሰ፤ መብራት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ እርሷም ከቤቱ ጥግ ተደግፎ የኖረውን የድንጋይ ወፍጮ አራግፋ መጁን ጨበጠች። በቅሎዋ ተሸጠች። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከቤቱ የቀሩት አንድ በሬ፣ ሁለት በጎች፣ ለዘር የተቀመጠ ገብስ፣ እንዲሁም ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ነበሩ። ልጅቱ አርብ ማታ እየመጣች እሑድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮ።

በዚያ ዓመት ኅዳር 21 ቀን የማርያም ጽዋ ተራዋ ደረሰ። ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ሥጋና ቅቤ አይጠየቅም፤ ግን ዘይቱስ? ጌሾውስ? የማኅበርተኛው ቁጥር ቀላል አልነበረም። ዘመድ የተባለ ሁሉ የየራሱን ምክር ሰጠ። አንዱ በጉን እንድትሸጥ ነገራት። ሌላው፣ ነገሩን በጎ መስሎት፣ ልጅቱ ለአንድ ዓመት ትምህርቷን ብታቆም የቤት ኪራዩ እንደሚተርፍ አስታወሳት። እናት ለዚህ መልስ አልሰጠችም። አለት ሲፈልፈል ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዓምድ የሚሆነውን የጠረበ ጣሪያውን በራሱ ላይ ያወርዳልና።

ከዚያች ሳምንት አንድ ቀን የልጅቱን ስልቻ ልታጥብ ስታራግፈው ከሥሩ ድርቆሽ አገኘች። ጥቂት አልነበረም፤ ባለፈው እሑድ ከሰጠቻት ግማሽ ያህሉ ነበር። የቆሎውም ቋጠሮ ሳይፈታ ተመልሷል። ልጅቱን ጠርታ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ እህሉ ተወዷል ስትይ ሰማሁሽ። ምሳ ብተው አያስርበኝም።»

እናት ለጊዜው ዝም አለች። ቀጥላም «ልጄ፣ የመቆጠቡን ሥራ ለእኔ ተይው። ያንቺ ሥራ በልተሽ መማር ነው» አለቻት። የልጅቱ ፊት ከስቶ እንደ ነበር ያስተዋለችው ገና ያን ጊዜ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ ቆጫት። እያንዳንዱን ጣሳ ስትቆጥር የኖረች ሴት የገዛ ልጇን ጉንጭ ሳታይ ቀርታለች።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማኅበሩ ሙሴ ቤት ሄደች። «አያ፣ ዘንድሮ እንደ ወትሮው ልደግስ አልችልም። ጽዋውን ግን አላስታጉልም» አለችው። ይህን ቃል በአፏ ማውጣት ለእርሷ በግ ከመሸጥ ይከብድ ነበር። ሙሴው ጥቂት አሰበና «እሜቴ፣ ጽዋ የሚባለው ጠላውና ዳቦው ነው። የቀረውን እኛው ነን እያፎካከርን ያመጣነው» ሲል መለሰላት፤ ለማኅበርተኞቹም እርሱ ራሱ ሊነግርላት ቃል ገባ።

በዕለቱ የቀረበው የገብስና የስንዴ ድፎ ዳቦ፣ የሱፍ ፍትፍትና በትንሽ ጋን የተጠመቀ ጠላ ነበር። ዘይት የሚባል ነገር ከቤቱ አልገባም። አንዲት እንግዳ አጠገቧ ለተቀመጠችው በጆሮዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን እንደ ሆነ ሁሉም ገባው። ሌሎቹ ግን ጽዋውን ተቀብለው ጠጡ፤ ተረኛውም ጽዋውን ተረክቦ ሲሄድ የእርሱም ድግስ ከዚህ እንደማያልፍ በሁሉ ፊት ተናገረ። የተረፈው ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለልጅቱ ስንቅ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው አርብ ልጅቱ ስትመጣ እናት ስልቻውን ከትከሻዋ ላይ ራሷ ተቀበለች፤ ክብደቱን በእጇ መዘነች። ከዚያም ወደ ደጅ ወጥታ ገለበጠችው። የወደቀው የዳቦ ፍርፋሪና ሦስት ወይም አራት የቆሎ ፍሬ ነበር። ዶሮዎቹ ተሻምተው ለቀሙት።