የሽቦ መኪናና ማተሚያው

ሞዴል መሥራት አበቃለት የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። የእንግሊዙ ኤርፊክስ የስፒትፋየርን አውሮፕላን ሞዴል በፕላስቲክ ክፍልፋይ ሲያቀርብ፣ ለገዢው የተረፈው ማጣበቅና ቀለም መቀባት ነበር። አሳቡን ፋብሪካው ጨርሶታል።

እኛ የሽቦ መኪና ስንሠራ ግን መመሪያ የሰጠን አልነበረም። ጎማው ቆርኪ ነው፤ እሱስ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መሪው ነበር! የፊት ጎማ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማየት ከቆመ አይሱዙ ሥር እናጎነብስ ነበር፤ ሾፌሩ እስኪያባርረን ድረስ።

አሁን በኮምፒዩተር የተነደፈውን ዕቃ በስሱ እየደራረበ የሚሠራ ስሪ ዲ ማተሚያ መጥቷል። የእጅ ጥበብን ይገድላል ይባላል። ነገር ግን የራሱን መኪና የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ የመሪውን ነገር መፍታት አለበት፤ ስለዚህ ከኤርፊክስ ይልቅ ለሽቦው ይቀርባል። የሚያሳስበን ዋጋው ነው። ሽቦውን ከወደቀበት እንለቅም ነበር፤ ማተሚያውንስ የትኛው የሰፈር ልጅ ይገዛዋል?