በሬ የመታች ዲኤክስ

ዛሬ ከፍቅር ጣጣና ከትዳር ጭቅጭቅ ለአንድ ሳምንት እረፍት እንውሰድና ስለ መኪና እንጫወት። በተለይ ሌሊት በሕልማችሁ የስፖርት መኪና ስታበሩ አድራችሁ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትነቁ ወጣቶች ጠጋ በሉ። «የተጋጨች መኪና በርካሽ ልግዛ፣ ግቢዬ ውስጥ ላድሳት፣ ከዚያ ወይ እነዳታለሁ ወይ አተርፍባታለሁ» የሚል ሐሳብ ውል ያለባችሁ ደግሞ ይበልጥ ጠጋ በሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ይህንኑ አድርገናል። ያውም የት መሰላችሁ? ላንቴ!

ላንቴን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ ስትጓዙ በስተቀኝ የአባያ ሐይቅ፣ በስተግራ የጋሞ ተራሮች፣ መሐል ላይ ደግሞ ሙዝ፣ ሙዝ፣ አሁንም ሙዝ የምታዩበት ቦታ ነው። ከሰፈራችሁ ፍራፍሬ ቤት የምትገዙት ሙዝ ከዚያ አካባቢ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ወንድሜ ቀረ።

ስፖርት መኪና ስላችሁ ፌራሪ የታያችሁ ካላችሁ ይቅርታ! የኛ አገር ወጣት ስፖርት መኪና ዲኤክስ ናት። ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ ሰፋፊ ቸርኬ አጥልቃ፣ በማርሚታዋ እያጓራች ስታልፍ ዞር ብሎ የማያይ ጎረምሳ ካለ ዓይኑን ይመርመር። ዲኤክስ ማለት እኮ «ዴሉክስ» ማለት ነው። የኛዋ ኬኢ 70 የሚባለው ትውልድ ናት፤ ቶዮታ ይህን ኮሮላ ማምረት የጀመረው በፈረንጆች 1979 ነው። ሞተሯ 1290 ሲሲ፣ ነዳጇን የምታገኘው በካርቡራቶር፣ የምትገፋው ደግሞ በኋላ ጎማዋ ነው። የጎረምሶቹ ፍቅር መነሻ ይቺ የኋላ ጎማ ነገር ናት። በ1983 የመጣው አዲሱ የኮሮላ የቤት መኪና በፊት ጎማ መነዳት ሲጀምር፣ የኋላውን ይዘው የቀጠሉት ኤኢ 86 የሚባሉት ስፖርቶቹ ናቸው። ጃፓኖች በ1995 «ኢኒሻል ዲ» የሚባል የሥዕል ታሪክ ጀምረውለት ዓለም አበደለት። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ጎማ እያንሸራተቱ የሚጫወቱ ወጣቶች ያቺኑ የኛን ኬኢ 70 ይፈልጓታል። እና እኛ ብቻ አይደለንም ያበድነው!

ታዲያ ለምን የተጋጨች? ደህናዋ ስለማትቀመስ ነዋ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚያ ወዲያ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና፣ የሞተውም ጭምር፣ ዋጋ አለው።

የኛዋ ገዳይ ናት። ባለቤቷ ሌሊት ከሶዶ ሲመጣ አስፋልት ላይ የተኛ በሬ መታ። በሬው ሞተ፤ እሱ በሰላም ወረደ። የዲኤክሷ ግራ ፊት ግን ድምጥማጡ ጠፋ። ኮፈኗ ታጥፏል፣ የግራ ፓራፋንጎዋ ተጨማድዷል፣ ራዲያተሯ ተቀዷል፣ የግራ መብራቷ የለም። ወንድሜ አርባ ምንጭ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት በረዳትነት ስለሠራ ባያት ጊዜ ልቡ ቆመ። የደህናዋን ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ተስማማን። ግማሹ የእሱ የሙዝ ጭነት ገንዘብ፣ ግማሹ እኔ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ያጠራቀምኳት። እናታችን መኪናዋ ግቢ ስትገባ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «የበሬው ባለቤት ተክሷል?» ሽማግሌ ተቀምጦ መካሱን ነገርናት። «እንግዲያው ትግባ» አለች።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈልን። እሱ ላንቴ ይቀጠቅጣል፣ እኔ መርካቶ ሱማሌ ተራ እዞራለሁ። ማታ የተሰረቀ ስፖኪዮ ጠዋት ለባለቤቱ ይሸጥበታል ተብሎ የሚቀለድበት ተራ! ሴት ልጅ «የኬኢ 70 የግራ ፓራፋንጎ» ብላ ስትጠይቅ ነጋዴው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ግን እኔም «ይሄማ በስቱኮ የተሞላ ነው፣ ኦሪጅናሉን አውጣ» ማለት ለመድኩ። ዕቃውን ሙዝ አራግፎ ባዶውን ለሚመለስ አይሱዙ እሰጣለሁ፤ በማግሥቱ ላንቴ ይደርሳል።

ቋንቋውን ልብ ብላችሁታል? ካቻቢቴ፣ ኪያቤ፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ… ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ጋራዡ ውስጥ ቃላቱን ትቶልን ሄዷል። መኪና ገጭቶ ያጣመመውን የሚያቃናው ባለሙያ ራሱ «ባትላሜራ» ነው፤ ላሜራ መቺ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። ዲኤክስ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተዘረጋ ሻንሲ የላትም። አካሏና አጥንቷ አንድ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ ፓራፋንጎ መቀየር ልብስ እንደ መቀየር ነው፤ አጥንቱ ከተጣመመ ግን ልብሱ ምን ያደርጋል? ወንድሜ ኮፈኑን አውጥቶ በሜትር ለካ። ከግራ የፊት ጥግ እስከ ቀኝ የኋላ ጥግ፣ ከዚያ ከቀኝ የፊት ጥግ እስከ ግራ የኋላ ጥግ፣ እንደ ኤክስ። ሁለቱ ርዝመቶች እኩል መሆን ነበረባቸው። የኛዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተለያየች።

መጎተቻ ማሽን የት ይገኛል? ግቢያችን ውስጥ አያታችን የተከለው የማንጎ ዛፍ አለ። የመኪናዋን ኋላ ከምድር ጋር በብረት አሰርን፣ የተጣመመውን ጫፍ በሰንሰለትና በፓራንኮ ከማንጎው ግንድ ጋር አገናኘን። ቅርፊቱ እንዳይላጥ ጆንያ ጠቀለልንበት። አርባ ምንጭ ያለ አንድ ባትላሜራ እሑድ እሑድ እየመጣ ያዘናል። ትንሽ መጎተት፣ መለካት፣ በመዶሻ መንካት፣ እንደገና መጎተት። ብረቱን በእሳት አቅልቶ መቀጥቀጥ ይቀላል፤ ሰውዬው ግን እምቢ አለ። ከመጠን በላይ የቀላ ብረት ቅርጹን ያገኛል እንጂ ጥንካሬውን ያጣል። ጎረቤታችን አንድ አባት በአጥር በኩል አይተውን፣ «ልጆች፣ መኪናዋን ነው የምታቃኑት ማንጎውን ነው የምታጣምሙት?» ብለው ሳቁብን። አራተኛው እሑድ ላይ ኤክሱ እኩል ሆነ። እልል አልን!

እልልታው ግን አልቆየም። ቀለም ሳትቀባ ማለዳ ላይ፣ ከብት ሳይወጣ፣ አስፋልት ላይ ሞከርናት። ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ፍሬን ስትያዝ ግን መሪዋ ወደ ግራ ይሰርቃል። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ነው። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠና እንዲህ አለኝ። «አንቺ፣ ብር እኮ አልቋል። ስቱኮና ቀለም ስትለብስ ማን ያውቅባታል? የሚገዛት ያስተካክላት።»

ወገኖቼ፣ ፍርድ ስጡኝ እስቲ! ተቆጥቼ ነበር ማለት አልችልም፤ የሱ አምስት ወር እዚያ መኪና ሥር አልቋል፤ የኔም ብር እዚያው ነው። ግን በዚያ መንገድ ላይ የሚኖረውን አስቡት። ሙዝ በራሷ የተሸከመች እናት አለች፣ አህያ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቅ ሕፃን አለ። ሁሉም የሚሄደው በአስፋልቱ ዳር ነው። ፍሬን ሲያዝ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን የምትሰርቅ መኪና በሬ ብቻ አይደለም የምትመታው። «ስቱኮ መሪ አያቀናም። ፍታት» አልኩት። ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ፈታት። የግራ ጎማዋን ከሥር የያዘው ክንድ በዓይን በማይታይ ልክ ታጥፏል! ከሱማሌ ተራ ሌላ ላክሁ። ፍሬኗንም ለሚያውቅ ሰው ሰጠን፤ የጎማዋንም አቅጣጫ አርባ ምንጭ ጋራዥ ወስደን በማሽን አስተካከልን። የሾፌሩን የወንበር ቀበቶም ቀየርን፤ አንድ ጊዜ ግጭት የተሸከመ ቀበቶ ሁለተኛውን አይታመንምና።

ቀለሟን የቀባናት ጎህ ሳይቀድ፣ ግቢው ውኃ ተረጭቶ፣ የአይሱዙዎቹ አቧራ ሳይነሳ ነበር። ቀይ! ምን ልበላችሁ፣ ማንጎው ሥር ቆማ ስትታይ ሙሽራ ትመስል ነበር።

የመጀመሪያው ገዢ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ መጣ። ዞሮ ዞሮ አያት፣ ነዳት፣ ወደዳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተጋጭታለች?» አለ። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። «አዎ። በሬ መትታለች። የተሠራውን ሁሉ ላሳይህ» ብዬ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየሁት። ሚስቱ እጁን ሳብ አደረገችው። «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ዕድሜ ልኩን ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ፎቶዎቹን አይቶ፣ ሥሯ ገብቶ፣ አስፋልት ላይ ደጋግሞ ፍሬን ይዞ፣ ካሰብነው ቀንሶ ገዛን። ሒሳቡን ስንሠራ የወንድሜ ትርፍ ሙዝ ቢጭን ኖሮ ከሚያገኘው የቀን ገቢ አልበለጠም። ይህን የምነግራችሁ በዚህ ሥራ ሚሊየነር እንደሚኮን ለሚነግሯችሁ ሰዎች መልስ እንዲሆናችሁ ነው።

«እና መዋሸት ይሻል ነበር?» ብትሉኝ፣ አይሻልም። በሕግም ቢሆን ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት አለበት። ከሕጉ በፊት ግን ላንቴ ትንሽ አገር ናት፤ ያቺ ቀይ ዲኤክስ ዛሬም በደጃችን ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋልናል፤ እናታችንም እጇን ታነሳለታለች። ዋሽተን ቢሆን ጡሩምባዋን በሰማን ቁጥር ቤት ውስጥ ልንደበቅ ነበር።

አሁን የተጋጨች መኪና ለምትገዙ ምክሬን ልስጥና ልሰናበት። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ያዙ፤ ላሜራው ላይ አስጠግታችሁ ካልያዘ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። በሮቿ ሲዘጉ ክፍተታቸው ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ወይ? የፓራፋንጎዋ ብሎኖች ቀለማቸው ተፍቋል ወይ? ከተፋቀ ተፈትታለች ማለት ነው፤ ለምን እንደተፈታች ጠይቁ። ጎማዋ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ አጥንቷን ተጠራጠሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ያዙና መሪው እጃችሁ ላይ የሚለውን ስሙ። ከሁሉም በላይ ሻጩ ያላመጣውን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ግቢያችሁ ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ፦ በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር አትግቡ፣ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ደግፉባት። ከብየዳ በፊት ባትሪዋን ንቀሉ፣ ነዳጇን አርቁ። ቀለም ስትረጩ አፍና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ፤ ሳንባ ሱማሌ ተራ አይሸጥም። ፍሬንና መሪ ላይ ደግሞ ጀብዱ የለም፤ ለባለሙያ ስጡ። ከመፍታታችሁ በፊትም፣ ስትሠሩም ፎቶ አንሱ።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ሌላ ተገኝታለች አለኝ፤ ይህችኛዋ ግንድ የመታች ናት። «ስንት ነው?» ከማለቴ በፊት፣ «ኤክሷን ለክቻለሁ» ብሎ ቀደመኝ። አንድ ሴንቲ ተኩል ናት አሉ። ሱማሌ ተራ የማውቃቸው ነጋዴዎች ሆይ፣ ዋጋ ቀንሳችሁ ጠብቁኝ! የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ።