የመለስሁት ሁለት ማርክ

ባለፈው ሰሞን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባወጣሁት ፈተና ውስጥ «ሸክላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ጥያቄ ነበረ። መልሱ ለኔ ግልጥ ነበር። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ጫፍ ሽቦውን የሚሸከመው ሸክላ አይደለምን? በኤሌክትሪክ ምጣድስ ቢሆን የሚግለው ከሥር የተጠማዘዘው ሽቦ እንጂ ምጣዱ መች ኤሌክትሪክ ያሳልፋል? ዳሩ ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ «እውነት፤ አንዳንዱ» ብሎ ጻፈ። በቀይ ሠረዝሁበትና ሁለት ማርክ ቀነስሁ። ሊያስረዳኝ ቢመጣም «መጀመሪያ ደብተርህን አጥና!» ብዬ በጓደኞቹ ፊት አሳፈርሁት።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አንዳንዱ» ያለው ምን ቢያውቅ ነው? ተነሥቼ መጻሕፍቴን አገላበጥሁ። ያገኘሁትም ይህ ነው።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ገበያ ቀን መንገደኛ እየተጋፋ ስለሚሄድ ከኃይሉ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. የሆላንዱ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው ግፊያው ፈጽሞ ጠፋ። ይህን ያህል ብርድ የሚገኘው ግን ውድ በሆነው በፈሳሽ ሂሊየም ነው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት በብረታ ብረት መካከል 75 ዓመት ቢፈልጉም ከዜሮ በታች ከ250 ዲግሪ እምብዛም ፈቀቅ አላሉም።

በዙሪክ አጠገብ በአይ ቢ ኤም የምርምር ቤት የሚሠሩት ቤድኖርዝና ሙለር ግን ፊታቸውን ወደ ኦክሳይድ፥ ማለት ከዝገትና ከሸክላ ወገን አዞሩ። በ1986 ዓ.ም. የላንታነም፥ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ከዜሮ በታች 238 ዲግሪ ገደማ ላይ ግፊያው መጥፋት ሲጀምር አዩ። ይህን ዓይነት ውሕድ የፈረንሳይ ኬሚስቶች ቀደም ብለው ሠርተውት ነበር፤ ነገር ግን እስከዚያ አቀዝቅዘው አልፈተኑትም። ሁለቱ ሰዎች ግኝታቸውን ሲያወጡ «ሊሆን ይችላል» በሚል ትሑት ርእስ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ ቹና ዉ ከነረዳቶቻቸው በላንታነም ፈንታ ኢትሪየም አግብተው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ደረሱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር የሚወጣው ፈሳሽ ናይትሮጂን 196 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ ይበቃል።

አሠራሩም እንደ ሸክላ ሥራ ነው። የኢትሪየም ኦክሳይድ፥ ባሪየም ካርቦኔትና የመዳብ ኦክሳይድ ተመዝነው እንደ በርበሬ ይደቆሳሉ፤ ከ900 ዲግሪ በላይ ይተኰሳሉ፤ እንደ ገና ተደቁሰውና ተጠፍጥፈው ይተኰሳሉ፤ በመጨረሻም በኦክሲዥን ውስጥ ቀስ ብለው ይበርዳሉ። ምሥጢሩ ይህ ኦክሲዥን ነው። ለአንድ ኢትሪየም፥ ለሁለት ባሪየምና ለሦስት መዳብ ኦክሲዥኑ ወደ 7 ሲጠጋ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ግፊያ ያልፋል፤ ወደ 6 ቢወርድ ግን ያው ውሕድ ኤሌክትሪክ ይከለክላል። አጢኑ! ጢም ብሎ በሞላ አውቶቡስ ውስጥ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ጥቂት ሰው ሲወርድ ግን መተላለፊያ ይገኛል። ተጨማሪው ኦክሲዥንም መዳብና ኦክሲዥን ከተነጠፉበት ንጣፍ ላይ ኤሌክትሮኖችን ስቦ እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ያበጃል። ኤሌክትሮኖቹ ስለምን ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚጓዙ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ጕድለቱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ መሆኑ ነው፤ እንደ መዳብ ተስቦ ሽቦ አይሆንም። ቢሆንም በ2014 ዓ.ም. በጀርመን በኤሰን ከተማ ከዚሁ ወገን የተሠራ 1 ኪሎ ሜትር ገመድ ሥራ ጀምሯል።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁና ሁለቱን ማርክ መለስሁለት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገሩን ከወዴት እንዳገኘው ብጠይቀው ከቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጽሔት ላይ ማንበቡን ነገረኝ። ቀጥሎም «ጋሼ፥ ብርድ የማይፈልግስ ተገኝቷል?» አለኝ። በ1993 ዓ.ም. የሜርኩሪ ያለበት ኦክሳይድ ከዜሮ በታች 140 ዲግሪ ገደማ መድረሱን፥ በተራ የአየር ግፊት በክፍላችን ሙቀት የሚሠራ ግን ገና አለመገኘቱን ነገርሁት። ልጁም ይህንኑ በደብተሩ ጻፈ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ከጠመጠምሁም በኋላ መማር እንዳለብኝ ያስተማረኝ ተማሪዬ ነው።