ስፖርት፣ ኖርማል ወይስ ኢኮ? ከአዳማ አዲስ አበባ በአንድ ሌሊት የተማርኩት

ዛሬ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። አትሳቁ፣ እኔ መኪና የለኝም። ታናሽ ወንድሜ ግን አለው፤ ያውም ቢዋይዲ ‹‹ሲል›› የምትባለውን ኤሌክትሪክ፣ ባለ ሁለት ሞተሯን። እሱ ነጋዴ ነው፣ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አሰላለሁ።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ኃይሏ 390 ኪሎዋት ነው፤ በፈረስ ጉልበት 530 ገደማ። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ይበቃታል። ከኋላዋም ይህንኑ ቁጥር ለጥፈውባታል። ተማሪዎቼን ይህን አሰርቻቸዋለሁ፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 27.8 ሜትር ነው፤ ለ3.8 ሲካፈል 7.3 ይመጣል። የመሬት ስበት 9.8 ነው። ስለዚህ ወንበሩ ጀርባህን የሚገፋህ የክብደትህን ሦስት አራተኛ በሚያህል ጉልበት ነው ማለት ነው። ቀልድ አይደለም።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ዕድሜ ልካችንን የነዳነው እንደዚያ የደከመ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ እዚህም ቆላም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ከአሮጌ ቪትዝ ወርዶ በቀጥታ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ወጥቷል። እግራችን ግን ገና የቪትዝ እግር ነው።

አሁን ወደ ሞዱ እንምጣ። የወንድሜ መኪና ኢኮ፣ ኖርማል፣ ስፖርትና ለበረዶ የተሠራ ሞድ አላት። ብዙ ሰው ስፖርት ሲነካ ሞተሩ አዲስ ጉልበት የሚያገኝ ይመስለዋል። ዋናው ለውጥ ግን በእግርህና በሞተሩ መሃል ያለው ስምምነት ነው። ፔዳሉን ትንሽ ስትነካው ስፖርት ላይ ብዙ ይሰጥሃል፣ ኢኮ ላይ ትንሽ ይሰጥሃል። መሪውም ይከብዳል ወይም ይቀላል። የቤንዚን ስፖርት መኪናዎች ላይ ደግሞ ካምቢዮው ማርሽ አዘግይቶ ይቀይራል፣ ማርሚታው ይጮኻል፣ አሞርዛተሩ ይጠነክራል። ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ግን በየትኛውም ሞድ ያው ነው። የፍሬን ርቀትም እንደዚሁ።

ይህን በቃል አውቀው ነበር፤ በእግሬ ያወቅሁት ግን በክረምት ነው። ወንድሜ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ንዳት›› ብሎ ሰጠኝ። ቀለበት መንገድ ላይ ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ስፖርት ላይ መሆኗን ሳላይ ከመታጠፊያው ስወጣ እንደለመድኩት ረገጥኩ። ኋላዋ ‹‹ውልቅ›› ሲል ተሰማኝ። የመረጋጊያው ኮምፒውተር ኃይሉን ቆርጦ ባይመልሳት ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ቤት ገብቼ ሳሰላው ነገሩ ግልጽ ነው፦ እርጥብ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን 0.4 ቢሆን ጎማው መሸከም የሚችለው ፍጥንጥነት ወደ 4 ነው። እኔ የጠየቅሁት 7 ነው። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ የኔ ነው። ተማሪ ቢሆን ዜሮ እሰጠው ነበር።

ዋናው ታሪኬ ግን ይህ አይደለም።

እናታችን የምትኖረው አዳማ ነው። አንድ ሌሊት ጎረቤት ደወለችልን፤ እማዬ ሆዷን አሟት ክሊኒክ ወስደናታል አለችን። ወንድሜ ከቤቴ ደጃፍ ሲደርስ ጫማዬን እንኳ በቅጡ አላሰርኩም። ፈጣን መንገዱን ስፖርት ላይ ወረድነው። ስንነሳ ባትሪው 62 በመቶ ነበር፤ አዳማ ስንገባ 38።

ክሊኒክ ያሉት ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፣ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉን። እማዬ ደግሞ አዲስ አበባ የልብ ክትትል አላት፤ ስለዚህ ሐኪሞቿ ያሉበት ብትሄድ ይሻላል ብለው ሪፈር ጻፉ። አምቡላንስ ጠየቅን፤ በዚያ ሰዓት አልተገኘም። ሌሊት 8 ሰዓት ሆኗል። ኋላ ወንበር ላይ ትራስ ደርድረን፣ ጎረቤታችን አቅፋት ተነሳን።

ወንድሜ ገና ከመነሳቱ ስፖርትን ነካ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ እማዬ ‹‹ወይኔ ልጄ›› አለች። ጮክ ብላም አይደለም። ክሊኒኩ ያለችው ነርስ ‹‹መንገጫገጭ ያማታል፣ ቀስ በሉ›› ብላን ነበር።

‹‹ኢኮ አድርጋት›› አልኩት።

‹‹ጋሼ፣ አሁን የኢኮ ሰዓት ነው? እናታችንን እኮ ነው የያዝነው!››

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ሰው ሲጨነቅ እግሩ ይረግጣል። ፍጥነት ፍቅር ይመስለዋል። ዝም ብሎ ቀስ ማለት ደግሞ ጭካኔ ይመስላል። ግን ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝማ።

ባትሪዋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 38 በመቶው 31 ገደማ ይሆናል። እስከ ሆስፒታሉ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ዳገት ነው፤ ልዩነቱን 600 ሜትር ያህል ይዤ፣ መኪናዋን ከነሰዎቿ 2,400 ኪሎ ብዬ ሳባዛው ለዳገቱ ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በ120 ብንነዳ፣ ስክሪኑ ላይ ቀድሞ እንዳየነው፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ገደማ ትበላለች። ከዳገቱ ጋር 29። የሚተርፈን 2 ነው፤ እሱም ምንም ነገር ካልተሳሳተ ነው። በ90 ብንነዳ ግን 17 እና 4፣ 21። የአየር ግፊት በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፤ ከ90 ወደ 120 መሄድ ግፊቱን ወደ 1.8 እጥፍ ያወጣዋል።

ጊዜውስ? ፈጣን መንገዱን 85 ኪሎ ሜትር ብለን ብንይዝ በ120 ከ42 ደቂቃ በላይ፣ በ90 ደግሞ 57 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ 14 ደቂቃ።

‹‹አሥራ አራት ደቂቃ ለማትረፍ መሃል መንገድ ላይ ልንቆም ነው?›› አልኩት። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን ሰዶ ኢኮን ነካ። 90 ላይም አሰራት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። መኪናዋ ጸጥ አለች። ፊዚክስ ላይ ‹‹ጀርክ›› የሚባል ነገር አለ፤ ፍጥንጥነት ራሱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለዋወጥ የሚለካ ነው። አንድ ተሳፋሪ አንገቱን የሚያስወዛውዘው፣ ቁስሉን የሚቀሰቅሰው ፍጥነቱ አይደለም፣ ይሄ ነው። በ90ም ይሁን በ120 ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና ውስጥ ሰውነት ፍጥነትን አያውቅም። የሚያውቀው ድንገት መገፋትንና ድንገት መያዝን ነው። ኢኮ ፔዳሉን ስለሚያለዝበው የወንድሜን የተጨነቀ እግር ሸፈነለት። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋ ግን አትንቀጠቀጥም። እማዬ መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ወንድሜ እየነዳ አለቀሰ። እኔም መስኮቱን አየሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ 12 በመቶ ቀርቶን ነበር። ማለዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዛሬ ደህና ናት፣ ተመስገን። ‹‹የዚያን ቀን ምን እየተጨቃጨቃችሁ ነበር?›› ብላ ስትጠይቀን ‹‹ስለ ሒሳብ›› አልናት።

እንግዲህ ‹‹የትኛው ሞድ ይሻላል?›› ለምትሉኝ፣ የኔ መልስ ይህ ነው። ሞድ የሚመረጠው መንገዱን፣ የተሳፈረውን ሰውና የቀረውን ቻርጅ አይቶ ነው እንጂ ስሜትን አይቶ አይደለም። ደረቅ፣ ክፍት፣ የሚታይ መንገድ ላይ ብቻህን ከሆንክና መቅደም ካለብህ ስፖርት ጥሩ ነው፤ ስትጨርስ መልሰው። ዝናብ ከጣለ ኖርማል ወይም ኢኮ። አስፋልቱ የተቆራረጠ ከሆነና መኪናህ አሞርዛተር የምትቀያይር ከሆነ ለስላሳውን ምረጥ፤ የሚነጥር ጎማ መሬት አይነካም፣ መሬት የማይነካ ጎማ ደግሞ አይታዘዝም። ይህ የፈሪ ምክር የሚመስለው ካለ፣ ቮልስዋገን ጎልፍ አር ላይ ለኑርበርግሪንግ ውድድር መንገድ ብለው የሠሩት ልዩ ሞድ አለ። እዚያ ሞድ ላይ አሞርዛተሩን ያለዘቡት ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው፤ መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ። ለዓለም ፈጣን አሽከርካሪዎች ለስላሳው ከተመረጠ ለኛ ሰፈር ኮረኮንችማ!

ከሁሉ በላይ ግን፣ በተጨነቃችሁ ሰዓት እግራችሁን አትመኑ። ያን ሰዓት የሚያለዝብላችሁን ሞድ ምረጡ፤ ከቻላችሁም አጠገባችሁ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ።

ወንድሜ አሁን እማዬ ስትሳፈር ማንም ሳይነግረው ኢኮን ይነካል። ስትወርድ ግን መልሶ ስፖርት ነው፤ ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል።

እናንተስ በየትኛው ነው የምትነዱት? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ደህና እደሩ፣ እናቶቻችሁን ያቆይላችሁ።